ከኋላ ወንበር ሥር

ይህ ታሪክ እውነት ነው። እውነት ስል ሰዎች ሠርግ ቤት ተሰብስበው እንደሚያወሩት፣ ግማሹ የተሰማ ግማሹ የተጨመረ ማለቴ አይደለም። ከዚህ በታች ካለው አንዲት ቃል ጎድላ ከተገኘች ከትሕትናዬ ነው። አንዲት ቃል ተርፋ ከተገኘች ግን ምላሴ ይታሰር፣ ይህን የጻፈው እጄም ሁለተኛ ብዕር አያንሳ። ደግሞም ምስክር አለኝ። ምስክሬ ይህን ስጽፍ ከእኔ አምስት እርምጃ ርቃ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሥራዋን እየሠራች ነው።

የምጽፈው ልጄ ለምናኝ ነው። ልታገባ ነው። «አባዬ፣ አንተና እማዬ እንዴት እንደተገናኛችሁ ጻፍልኝ። ግን እንደ ሁልጊዜው አታጋንን» አለችኝ።

እኔ በሕይወቴ አጋንኜ አላውቅም። ነገሮቹ ራሳቸው ትልልቅ ሆነው ይመጡብኛል እንጂ።

በዚያ ዘመን እኔ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነበርኩ። ያውም ሰዎች ሦስት ከተማ አቋርጠው መኪናቸውን እያስጎተቱ የሚመጡልኝ። ኮፈኑን ሳልከፍት፣ ሞተሩ ሲያስነጥስ ሰምቼ የትኛው ሽቦ እንደታመመ እናገር ነበር። አንድ ጊዜማ በስልክ ጥሩንባ አስነፍቼ የተቃጠለውን ፊውዝ ከነቁጥሩ ነግሬያለሁ። ዛሬ እጄን አሳርፌ ከአሮጌ መኪና የሚወጣ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ጥገናውን ለሚስቴ ትቼላታለሁ። ሰው ጊዜው ሲደርስ ለሌላው ቦታ መልቀቅ አለበት።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰኞ ጠዋት፣ በማላውቀው ቀጭን መንገድ ሳልፍ፣ አንድ የእንጨት በር ተከፍቶ ግቢው ውስጥ ሰማያዊ መኪና ቆማ አየሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለች፣ ግን ጥርት ብላ የታጠበች። አንድ ሺህ አንድ መቶ ኪሎ ትሆናለች። በሮቿ ብቻ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ኪሎ ይመዝናሉ። ዓይኔ ሚዛን ነው፣ አይስትም።

ከመኪናዋ ሥር ሁለት እግሮች ወጥተዋል። የሴት እግሮች። የወደቀባትን ነገር እየፈለገች መሆን አለበት።

«ምን ሆና ነው?» አልኩ።

እግሮቹ ተንቀሳቀሱ። ቀጥሎ ሰማያዊ ቱታ፣ ቀጥሎ ጉንጩ ላይ ጥቁር ግራሶ ያረፈበት ፊት ወጣ። በእጇ ጀርባ ልትጠርገው ስትሞክር ግራሶው እስከ ጆሮዋ ተዘረጋ። ቀና ብላ አየችኝ። ልቤ ከነበረበት ወርዶ ጉልበቴ ላይ አረፈ። እስከ ዛሬም ወደ ቦታው በደንብ አልተመለሰም።

«ትጠፋለች» አለችኝ።

«መቼ ነው የምትጠፋው?»

«አባባ ሲገባባት።»

የሳቀች መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አልሳቀችም።

አባቷ በረንዳው ላይ፣ ቀኝ እግራቸውን ዱካ ላይ ቀጥ አድርገው ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከተማው ውስጥ መሪ የጨበጠ ሁሉ የእሳቸው ተማሪ ነው። ለተማሪው ሁሉ ከሁለት ቃል በላይ ስለማይናገሩ «ጋሼ ቀስ በል» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ጉልበታቸው ከተጎዳ ወዲህ አይታጠፍም። ስለዚህ ታክሲ አይበቃቸውም፣ አውቶቡስም አይሆንላቸውም። የሚችሉት በዚህችው መኪና የኋላ ወንበር ላይ፣ እግራቸውን ከዳር እስከ ዳር ዘርግተው መሄድ ብቻ ነው። መኪናዋን «እሜቴ» ይሏታል።

እሜቴ ግን ከሰባት ወር ጀምሮ እሳቸውን ይዛ ዳገት አልወጣ ብላለች።

ዳገቱ አናት ላይ ታላቅ እህታቸው ይኖራሉ። እሳቸው መውረድ አይችሉም፣ ወንድማቸው መውጣት አይችሉም። ጋሼ ከበረንዳቸው ሆነው የእህታቸውን ቤት ያዩታል። እህታቸው ደግሞ በየማለዳው ገመድ ላይ ቢጫ አንሶላ ያሰጣሉ። ደህና አድሬያለሁ ማለታቸው ነው። አንሶላው የዘገየ ቀን ጋሼ ቁርሳቸው አይወርድላቸውም።

«ሦስት ኤሌክትሪሻን አይቷታል» አለችኝ ልጅቷ። «ሦስቱም የቤንዚን ፓምፑ ነው አሉ። ሁለቴ ተቀየረ። ፓምፑ ጤነኛ ነው።»

«ጤነኛ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ሬዲዮ ጥገና ቤት ነው የምሠራው። ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ።»

ትንሽ ትንሽ። እንግዲህ ከእኔ ጋር ስትነጻጸር ማለቷ ነው።

ታላቅ ወንድሟ ከቤት ወጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ትዕግሥቱ ጠባብ የሆነ ሰው ነው። «እስከ ቅዳሜ ነው» አለ። «እስከ ቅዳሜ አባባን ዳገቱ ላይ ካላደረሰች ለብረት ገዢው ትሰጣለች። ግቢውን ዘግታ ዝገት ስታበቅል ማየት ሰልችቶኛል።»

እዚህ ላይ ያንን ብረት ገዢ ማስተዋወቅ ግድ ይለኛል። እንዲያው ስሙን ሳላነሣ ባልፍ ደስ ባለኝ ነበር። አሮጌ መኪና በኪሎ ገዝቶ፣ ቆራርጦ የሚሸጥ ሰው ነው። ዘጠና ስድስት ኪሎ። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ጆሮው ላይ ጠመኔ የሚሰካ፣ ሊቆርጠው ባሰበው መኪና ሁሉ ላይ በዚያ ጠመኔ የእርግማን መስቀለኛ ምልክት የሚያሰምር። እሜቴም ሰኞ ዕለት ግራ በሯ ላይ ተሰመረባት። ጋሼ ከበረንዳው ሆነው አዩ። ዱካው ላይ ያለውን እግራቸውን ትንሽ አስተካከሉ ብቻ።

ብረት ገዢው በዚያ ሳምንት በየቀኑ ይመጣ ነበር። ለመኪናዋ የመጣ ይመስላል። እኔ ግን የሆዱን አውቃለሁ። ዓይኑ ከልጅቷ ላይ አይነሣም ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ከብረት በቀር የነካው፣ ከዝገት በቀር ያሸተተው የሌለ ሰው ምን ሊላት ነው? የእኔስ ነገር ሌላ ነው።

ማክሰኞ ሥራ ጀመርኩ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። ቤንዚን ከኋላ ካለው ታንክ የሚመጣው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ፓምፑ የሚሠራው ከፊውዝ ሳጥን ተነሥቶ፣ ሪሌ በሚሉት ማብሪያ ማጥፊያ አልፎ፣ ምንጣፍ ለምንጣፍ ተጎትቶ ወደ ኋላ በሚሄድ ሽቦ ነው። እሷ ቁልፉን ስታዞር እኔ ቴስተሩን ሽቦው ጫፍ ላይ አስደገፍኩ።

«አሥራ ሁለት ቮልት። ሙሉ ነው» አልኳት በኩራት።

«ምንም ካልተጠየቀ ማንም ሙሉ ነው» አለችኝ። «ሸክም ሲያዝበት ነው የሚለየው። ቴስተር ሸክም የለውም። አምፖል እሰርበትና ሲያበራ እንየው።»

«ይህን የምትይው ስለ ሽቦው ነው ስለ እኔ?»

«ስለ ሽቦው» አለችና ከንፈሯን ነክሳ ወደ ሌላ ዞረች።

አምፖሉን አሰርን። ቦግ ብሎ በራ። ስለዚህ ሽቦው ሸክምም ይችላል ማለት ነው። ሁለታችንም አምፖሉ ላይ አፈጠጥን። በኋላ ሳስበው አምፖሉን ያየችው እሷ ብቻ ነበረች።

«እስቲ ዳገቱን እንሞክረው» አለች።

እሷ ነዳች፣ እኔ ከጎኗ። የኋላው ወንበር ባዶ ነው። በዚያ ቤት የኋላው ወንበር የጋሼ ነው። ጋሼ ባይኖሩም ማንም አይቀመጥበትም፣ ዕቃ እንኳ አይቀመጥበትም። የመሣሪያ ሳጥኔን ከኋላ ላደርግ ስል ልጅቷ ክንዴን ይዛ «እዚያ አይደለም» ብላ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ከእኔ በፊት የመጡት ሦስት ኤሌክትሪሻኖችም እንዲሁ ሳጥናቸውን እግራቸው ሥር አቅፈው ነው የሄዱት።

እሜቴ ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣችው። አንዴም አላሳለችም። ልጅቷ ማርሽ ስትቀይር ክርኗ ክርኔን ይነካል፣ ይቅርታ አትለኝም፣ እኔም አልጠብቅም። ዳገቱ ስምንት መቶ ሜትር ነው። በዚያ ቀን ግን ቢያንስ አርባ ኪሎ ሜትር ነበር።

«መንገድ ላይ ዝም ትላለህ» አለችኝ ስንመለስ። «ግቢ ውስጥ ግን አፍህ አያርፍም።»

«የሞተሩን ድምፅ እየሰማሁ ነው።»

«ምን አለህ?»

«ነገም እንድንሞክር አለኝ።»

በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ አየች። የጉንጯ ጫፍ ግን ከፍ ብሎ ነበር።

ረቡዕ ደግመን ወጣን። ዳገቱ አናት ላይ አክስቷ ከበራቸው ወጥተው ጠበቁን። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው። አንገታቸውን አስግገው የኋላውን ወንበር በመስኮቱ አዩት። ባዶ መሆኑን ሲያዩ አንገታቸውን መለሱ።

«ወንድሜስ?» አሉ።

«ቅዳሜ ይመጣል፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ።

«ባለፈውም ቅዳሜ ብለሽኝ ነበር።»

«ይኼኛው ቅዳሜ ይመጣል።»

አሮጊቷ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄስ ማነው?»

«ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ እማማ» አልኩ።

እጄን ይዘው አገላብጠው አዩት። «የኤሌክትሪሻን እጅ ቀጭን ነበር የማውቀው» አሉ። «ይሄ በር ሊነቅል የመጣ እጅ ነው።»

ልጅቷ መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ስትስቅ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ያን ትከሻ ለማየት ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት ቀልድ እያወጣሁ ነው።

ስንወርድ ግን አልሳቀችም። ግማሽ መንገድ ላይ መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመች።

«ቅዳሜ ካላመጣሁት» አለች፣ ወደ ፊት እያየች፣ «ከዚያ በኋላ አይገናኙም። አንሶላ ሲያዩ ነው የሚኖሩት። አንዱ ቀን አንሶላው አይሰጣም፤ ያን ጊዜም አባባ ከበረንዳው መነሣት አይችልም።»

ምን ልበላት? እኔ፣ አፌ ከድቶኝ የማያውቀው ሰው፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከዚያም መልሼ ጠረግሁ። «ጉንጭሽ ላይ ግራሶ አለ» አልኳት።

«የት ጋ?»

አሳየኋት። በእጇ ሳይሆን በእጅጌዬ ጠረገችው። ሞተሩን ስታስነሣ ሁለታችንም የትኛውንም ድምፅ አልሰማንም።

ሐሙስ ሽቦውን ሁሉ ከፊውዝ ሳጥኑ ጀምረን በጣት ዳሰስነው። ሪሌውን አውጥተን ጆሮአችን ላይ አንቀጨቀጭነው። የቁልፉን ማስነሻ ፈትተን ጠረግነው። መኪናዋም ሁለታችንን ይዛ ሦስቴ ዳገት ወጣች፣ ሦስቴ ወረደች። አንዴም አልጠፋችም። ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ሲደርስ እንደሚሻለው ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አለመጥፋቷ አላናደደኝም።

ዓርብ ጋሼን ይዘን ወጣን። ወንድሟና እኔ ደግፈን ከኋላ አስገባናቸው። እግራቸውን ዘረጉ፣ ጀርባቸውን አደላደሉ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ነበር።

«ቀስ በይ» አሏት።

ሜዳውን በሰላም ጨረስን። ዳገቱን ጀመርን። ዳቦ ቤቱን እንዳለፍን እሜቴ አንዴ አነጠሰች፣ ተንገጫገጨች፣ ጠፋች። ልጅቷ ፍሬኑን ይዛ ቁልፉን ደጋግማ አዞረች። ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ቤንዚን አይደርሰውም። ጆሮዬን ወደ ኋላ ጣልኩ። የፓምፑ እንደ ንብ ጥዝዝ የሚል ድምፅ የለም።

«ልውረድ» አሉ ጋሼ።

«ቆይ አባባ።»

«አውርዱኝ። እኔ ስወርድ ነው የምትነሣው።»

አወረድናቸው። በዱላቸው ተደግፈው አስፋልቱ ዳር ቆሙ። ልጅቷ ቁልፉን አዞረች። እሜቴ ገና ስትነካት ተነሣች።

ጋሼ ጣሪያዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ ፈረስ እንደሚያባብል ሰው። «የምትቀየመው እኔን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ዕድሜዋን ሙሉ ስንቱን ጀማሪ አስረገጥኳት። ይበቃታል። ነገ ስጧት። ስትሄድ ግን በቀስታ ውሰዷት።»

ዳግመኛ አልገባባትም ብለው ወደ ቤት የተመለሱት በእግራቸው ነው፤ እሜቴን በኋላ መጥተን ወሰድናት። አራት መቶ ሜትር፣ አንድ ሰዓት ፈጀ። ልጅቷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው።  

ቅዳሜ ጠዋት ብረት ገዢው መጣ። ቆሻሻ ልብሱን ቀይሮ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ነበር፣ ሞኝ። የብረት ማከማቻውና ሚዛኑ ያሉት ከዳገቱ ባሻገር ነው። የእሱ ሕግ መጀመሪያ ይመዘናል፣ ከዚያ ይከፈላል። ልጅቷ «እኔ እነዳታለሁ። ሌላ ሰው አይነዳትም» አለች። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። ብረት ገዢው ደግሞ የኋላውን በር ከፍቶ፣ ማንም በማይቀመጥበት፣ በጋሼ ወንበር ላይ፣ ዘጠና ስድስት ኪሎውን ዘፍ አደረገው። ልጅቷ በመስታወት አየችው። በረንዳ ላይ ያሉት ጋሼም አዩ።  ከእንግዲህ የማን ወንበር ነው?

ዳቦ ቤቱን አለፍን። እሜቴ አነጠሰች። ተንገጫገጨች። ጠፋች።

 ጋሼ ቤታቸው በረንዳ ላይ ናቸው።

«አባባ የለም» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ የተለየ ሰው ድምፅ ነበር። «አባባ እኮ የለም።»

ያን ጊዜ አእምሮዬ እንደ መብረቅ ሠራ። «ውረድ» አልኩት ብረት ገዢውን። ወረደ። ተነሣች። «ግባ» አልኩት። ገባ። ጠፋች። «ውረድ።» ተነሣች። እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ስድስት ጊዜ አስወጣሁት፣ አስገባሁት። ላብ በላብ ሆነ።

ከዚያ ወንበሩን ከሥሩ ይዤ ነቀልኩት። ወንበሩ አሥራ አራት ኪሎ ነው፣ በአንድ እጄ አነሣሁት።

እዚያው ነበረ። ከፓምፑ የሚመለሰው ቡናማ ሽቦ፣ ባለሙያ «ማሳ» የሚለው፣ ጫፉ በአንዲት ቡሎን ከመኪናዋ አካል ጋር ታስሯል። ቡሎኗ ዝጋለች፣ ላልታለች። ከወንበሩ ጥምዝ የብረት ሞላዎች አንዱ ተሰብሮ፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ ወደ ሽቦው ዞሯል። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ሽቦው ቡሎኗን ይነካል፣ ፓምፑ ይሠራል። ሰው ሲቀመጥበትና ዳገቱ ሰውነቱን ወደ ኋላ ሲጭነው፣ ሞላው ሽቦውን ገፍቶ ያላቅቀዋል። ኤሌክትሪክ እንደ እንግዳ ነው፣ መውጫው ከተዘጋበት አይገባም። ሰባት ወር ሙሉ ሁሉም የሚገባበትን ሲመረምር የሚወጣበትን ያየ የለም። ማንም ከኋላ ተቀምጦ አያውቅማ። በአክብሮት።

እሷ የእጅ ባትሪዋን አብርታ ያዘችልኝ። እጇ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ እንደ ብር አበራሁት፣ ቡሎኗን አጠበቅሁ፣ የተሰበረውን ሞላ በፒንሳ አጥፌ አሰርኩት፣ ሽቦውን በናስትሮ ጠቀለልኩት። ሁሉም ሦስት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ፣ ወይም ሁለት።

ብረት ገዢው ተመልሶ ተቀመጠ። አልጠፋችም። ተነሥቶ ዘፍ አለባት። አልጠፋችም። ልጅቷ መሪው ላይ ግንባሯን አስደገፈች። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ የዚያን ቀን ግን ሳቅ አልነበረም።

እሜቴ ግን ተሽጣለች። ቃል ተሰጥቷል፣ ጋሼም ስጧት ብለዋል። ማከማቻው ከዳገቱ ማዶ ይጠብቃታል።

ብረት ገዢው ወረደ። መኪናዋን ዞራት። ግራ በሯ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ እጅጌውን በመዳፉ ላይ ሳበ፣ ያሰመረውን የጠመኔ ምልክት ጠረገው። በደንብ እስኪጠፋ ድረስ ጠረገው።

«ዛሬ አልገዛም» አለ። «ሚዛኔ ተሰብሯል።»

«መቼ ይጠገናል?» አለችው።

«እንጃ። የሚጠገን አይመስለኝም።»

ይህን ብሎ ዳገቱን በእግሩ ወረደ። ውሸታም! ያ ሚዛን ጠዋት ደህና እንደነበር አውቃለሁ። ባለሙያ ፊት ማፈሩ ነው እንጂ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው እውነት ለመናገር እንኳ ወኔ የለውም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼን ይዘን ወጣን። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስናልፈው ከፈቱ። አክስቷ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ወንድማቸውን ሲያዩ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ዞር ብሎ አንሶላውን ከገመድ ማውረድ ነው። አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙት። «ዘገየህ» አሏቸው። «ቀስ ብዬ ነው» አሏቸው ጋሼ። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

እኔና ልጅቷ አጥሩን ተደግፈን ቆምን።

«ነገ ምን ትጠግናለህ?» አለችኝ።

«የተበላሸ ነገር አለ?»

«አሁን የለም።»

«እንግዲያው መምጫ ምክንያት ሊጠፋኝ ነው።»

ዓይኗን ከእሜቴ ላይ ሳታነሣ፣ «ያለ ምክንያት ና» አለችኝ።

መጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ምክንያት መጣሁ። ከዚያም ሽማግሌዎች ላክሁ፣ አሥራ ሁለት ነበሩ፣ ሁሉም ትልልቅ ሰዎች። ጋሼ ሰምተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞረው «ቀስ በል» አሉኝ። በእሳቸው ቋንቋ እሺ ማለት ነው።

ታሪኩ ይህ ነው።

አሁን ጨርሼ፣ ደብተሩን ለምስክሬ አቀበልኳት። «የፊደል ግድፈት ካለ እይልኝ፣ ነገ ለልጃችን እሰጣታለሁ» አልኳት። ሽቦ የምትበይድበትን ካውያ ማስቀመጫው ላይ አሳረፈች፣ እጇን ጠረገች፣ መነጽሯን አደረገች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበች። ትስቃለች ባልኩበት አልሳቀችም። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ተመልሳ ደግማ አነበበችው።

«ግድፈት የለውም» አለች።

«አላልኩሽም?»

«ኤሌክትሪሻን የመኪና በር ስንት ኪሎ እንደሚሆን ምን አስጨነቀው?»

ደብተሩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«ከመኪናው ሥር የገባሁት የወደቀብኝ ነገር ኖሮ አይደለም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ስለ ትላንት ዝናብ እንደምታወራ ነበር። «ቅዳሜ ከፊት የተቀመጠው ወንድሜ ነው። ከሦስታችን ሌላ ሰው መኪናው ውስጥ አልነበረም። ወንበሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ በሁለት እጄ። ቡሎኗን ያጠበቅሁትም እኔ ነኝ። መብራቱን የያዝከው አንተ ነበርክ፣ እጅህም ይንቀጠቀጥ ነበር። ዝገቱን ለማየት እጅህን በክንዴ ደግፌ ነው የሠራሁት።»

«ያ እንኳን…»

«ማክሰኞም ረቡዕም ከጎኔ የተቀመጥከው ስትሄድ ካላየኋት ዋጋ አልናገርም ብለህ ነው። ዓርብ አባባን ስናወርድ ፊትህን አይቼዋለሁ። ልትቆርጣት መምጣትህን እስከ ዛሬ የምታፍርበት አንተ ብቻ ነህ። አባባ የዚያኑ ዕለት ረስቶታል።»

መነጽሯን አወለቀች። ደብተሩን ዘግታ በመዳፏ ደለደለችው።

«ሚዛኑም አልተሰበረም ነበር። ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ በአጥሩ በኩል አይቼዋለሁ፣ ሠራተኛህ እየመዘነበት ነበር። እስከ ዛሬ ከዋሸኸው ሁሉ እኔ የምወደው እሱን ነው። እሱን ደግሞ አንሥተህ ለሌላ ሰው ሰጠኸው።»

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣ ካውያዋን አነሣች።

«ስጣት፣ ታንብበው» አለች፣ ወደ ሽቦዋ ተመልሳ። «ሰውዬውን ብቻ ያን ያህል አትስደብብኝ። ያገባሁት እሱን ነው።»